የሳምባው ባለቤት

ጳጉሜ አንድ ቀን 2071 ዓመተ ምሕረት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ሬዲዮው የአየሩን ጠባይ ተናግሮ ሲያበቃ እንደ ወትሮው በዋዜማው የተመዘገቡትን አዲስ ነገሮች ማንበብ ቀጠለ። ከጅግጅጋ፣ የማይሸት የግመል ቆዳ። ከቦንጋ፣ ንብ ሳያስቆጣ ማር የሚቆርጥ ቢላ። ከወልድያ፣ ሲደክመው ራሱ የሚቀመጥ ምርኩዝ።

"ምርኩዙስ ይቀመጥ፤ የያዘው ሰውዬ ምን ሊሆን ነው?" አለች ሉባባ እንድሪስ ለራሷ፣ የመኪና ጎማ እየፈታች። ሳቀችም። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደላትም፤ የቀራት አምስት ቀን ነው።

ሉባባ ኮምቦልቻ ውስጥ ጎሚስታ ናት። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሌላው ጎሚስታ ቀዳዳ ለማግኘት ጎማውን ውሃ ውስጥ ሲነክር፣ እሷ ጆሮዋን አስጠግታ "እዚህ ጋ ነው" ትላለች፤ ተሳስታም አታውቅ። የምትሠራበት ሼድ በቦርከና ወንዝ ዳር ከተደረደሩት አሥራ ሁለት ሼዶች አራተኛው ነው። ሼዱን የሰጣት መንግሥት ነው። በአዲስ ነገር አዋጅ መሠረት፣ ሼድ የያዘ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ አገሪቱ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር በስሙ ያስመዘግባል። ያላስመዘገበ፣ ጳጉሜ አምስት ፀሐይ ስትጠልቅ ሼዱ ይታሸግና መስከረም ሁለት ለተረኛ ይሰጣል። የሉባባ ሦስት ዓመት ይኸው አለቀ።

አዋጁ ከወጣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሠርቷል ወይ ለሚል፣ እንዴታ! እንደ ጉድ ነው የሠራው። መርፌ ሳይቀር ከውጭ ይመጣበት የነበረው አገር፣ ዛሬ ሾፌር የሌላቸው መኪኖቹ ቀን ከሌት ወደ ወደብ ሲወርዱ የሚጭኑት ሁሉ እዚሁ የታሰበ፣ እዚሁ የተሠራ ነው። ሥራ የፈታ ሰው ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ልጆች ሰኞ ሰኞ ትምህርት ቤት የሚሄዱት መፍቻ ይዘው ነው።

ኑሮውም አብሮ ተለውጧል። "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብሎ ሰላምታ መስጠት ነውር ከሆነ ቆየ፤ የሰው ምስጢር እንደ መጎርጎር ነው የሚቆጠረው። ሰው ሲገናኝ "ሁሉ እንዳለ ነው?" ተባብሎ ይተላለፋል። በየበሩ ላይ የቤተሰቡ አዲስ ነገር ቁጥር ተለጥፏል። ሽማግሌ ተልኮ ሴት ልጅ ሲጠየቅ የአባትየው የመጀመሪያ ቃል "ስንት አስመዝግቧል?" ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው የሚያወራው አፉን በእጁ ከልሎ ነው። በሩፋኤል ዝናብ ልጆች ዛሬም ይታጠባሉ፤ ግማሾቹ ግን ጠብታውን በብልቃጥ እየሰፈሩ ነው። ልብ ተከፍቶ የሚወራበት ቦታ ለቅሶ ቤት ብቻ ቀርቷል፤ ሕጉ ሐዘንተኛን አርባ ቀን ከአዲስ ነገር ነፃ ያደርገዋልና። ማሰብ የታከተው ሁሉ፣ የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ሄዶ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

ሉባባ ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ለአህያ የጎማ ጫማ ሰፍታ ወሰደች፤ የአገሩን አዲስ ነገር ሁሉ የሚይዘው ተናጋሪ ማሽን፣ መዝገቡ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ "በ2049 ተመዝግቧል" አላት። ዝናብ ሲመታው ድምፅ የማያሰማ የጣሪያ ላስቲክ ሠራች፤ "2056"። በር እንዳይጮህ የሚያደርግ ጎማ ይዛ ሄደች፤ "2044፣ በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ"። ያን ቀን ከምዝገባው ክፍል ስትወጣ አልቅሳለች። አገር ሙሉ ሲያስብ እየዋለ ያልታሰበ ነገር ከየት ይምጣ?

በዚያው ጠዋት ከጎረቤት ሼድ ሙሄ እየጮኸ መጣ። ሙሄ ይማም በያጅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ሚስቱ ሦስተኛ ልጃቸውን ልትወልድ የደረሰች። የእሱም ሦስት ዓመት የሚያልቀው በዚሁ ጳጉሜ ነው።

"እታለም! እታለም! ቶሎ ነይማ!"

"ምነው? ጋዙ ፈነዳ?"

"ምን ይፈነዳል! ያንን እዪው!" ጣቱን ወደ ወንዙ ቀሰረ።

"ሳምባውን? ምን ሆነ፣ ቆመ እንዴ?"

"አልቆመም! ማን ነው ያስመዘገበው?"

ሉባባ የያዘችውን ክሪክ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ሳምባው የመጣው በግንቦት ነው። ወደ ሼዶቹና ከበላያቸው ወዳለው ሰፈር ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ተበላሸ። ፓምፑን ለመክፈት በስሙ ያስመዘገበው ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ነገሌ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ እናታቸው ሞተው ሐዘን ላይ ተቀምጠዋል። አርባ ቀን ፈቃድ የለም፤ አርባ ቀን ውሃ የለም። በስድስተኛው ቀን ሉባባ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጣ ከረጢት አደረገችው። ሙሄ የብረት መንጋጋ በየደለት። ጡረታ የወጡት የመንገድ ቀያሽ ጋሽ ይርሳው ገመድና ጠጠር ይዘው ዳገቱን ለኩ። የላይ ሰፈር ሰዎች ዶማቸውን ይዘው ወርደው ቦይ ቆፈሩ። የወንዙ ውሃ ከረጢቱን ይሞላዋል፤ ያው ውሃ መንጋጋውን ሲገፋው ከረጢቱ ይጨመቅና ውሃው ሽቅብ ይወጣል። መብራት የለ፣ ነዳጅ የለ። እፍ፣ እፍ እያለ ሲተነፍስ ይውላል፤ ሳምባ ያሉት ለዚህ ነው። በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ አለቀ፣ አርባ ቤት ውሃ ገባ። ከዚያ ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲስ ነገር ሠራን ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ የፈለጉት ውሃ ነዋ!

"ሙሄ፣ አንተ!" አለች ሉባባ። "ይሄ እኮ... ይሄ እኮ የትም የለም!"

"የለም! ዳንሽ በቃ! ሂጂ አስመዝግቢው!"

"እኔ? ምን ቆርጦኝ? ብረቱን የበየድኸው አንተ አይደለህ?"

"ያለ ከረጢቱ ብረቱ ምን ሊሠራ?"

"ያለ ብረቱስ ከረጢቱ ምን ሊሠራ? ሚስትህ ልትወልድ ነው፣ አንተ ልጅ፤ እኔን አታስቀይመኝ።"

"እኔንም አታስቀይሚኝ እታለም። ሰው ምን ይለኛል? የእህቱን ሥራ ነጠቀ ልባል?"

ሕጉ አንድ ነገር፣ አንድ ስም ነው የሚለው። ሁለት ስም የተጻፈበት ማመልከቻ አይነበብም። አመሻሹ ድረስ ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው ሲባባሉ ቆይተው፣ "እስቲ ይደርበት" ብለው ተለያዩ። ሁለቱም የየራሳቸውን ቆርጠው ነበር የተለያዩት።

ጳጉሜ ሦስት ጠዋት ሉባባ ሻሿን አሳምራ አስራ ወደ ምዝገባው ክፍል ገባች።

"የባለቤቱ ስም?" አለ መዝገቡ።

"ሙሄ ይማም። እሱ ስለሚያፍር ነው፤ እኔ ጎረቤቱ ነኝ።"

ሳምባውን አስረዳች። መዝገቡ ፈለገ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠራቀመ የአገር ሐሳብ እስኪያገላብጥ ድረስ ሉባባ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። "አዲስ ነው" አለ በመጨረሻ።

እልልልል! አለች ሉባባ፤ ክፍሉ እስኪያስተጋባ።

"ይህ ድምፅ ምንድን ነው?" ሲል መዝገቡ ጠየቀ።

"ደስታ ነው! ደስታ! አታውቀውም እንዴ?"

ከሰዓት በኋላ ሙሄ የሥራ ልብሱን ቀይሮ እዚያው ክፍል ገባና ሳምባውን በሉባባ እንድሪስ ስም አስመዘገበ። መዝገቡ የቀኑን ማመልከቻ የሚያመሳክረው ሌሊት ነውና እሱንም ተቀበለው። ወደ ማታው ጋሽ ይርሳው በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ደርሰው "የሉባባና የሙሄ፣ የሁለቱ ልጆች ነው" ብለው ተናገሩ። ሦስቱም ለማንም ሳይተነፍሱ ወደየቤታቸው ሄዱ። ይሉኝታ ክፉ ነው! አንዳቸው እንኳ "እንዲህ ላደርግ ነው" ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

በማግስቱ አራተኛውና አምስተኛው ሼድ በር ላይ ቀይ መብራት በራ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ "የተቀናጀ ማታለል ተጠርጥሯል" ይላል። በመዝገቡ አትፍረዱ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያወቀው ሌባ ሁለት ዓይነት ነው፦ የሰው የሚሰርቅና የራሱን አንድ ነገር ሁለት አድርጎ የሚያቀርብ። የራሱን የኔ አይደለም የሚል ሰው ገጥሞት አያውቅም። ስለማያውቀውም፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ተንኮል ሳይሸርቡ አይቀሩም ብሎ ደመደመ።

ሉባባና ሙሄ በሩ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ቀይ መብራቱን አይተው፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

"በኔ ስም ነው ያስመዘገብከው?" አለች።

"አንቺስ?"

"አንተ ከይሲ! አንተ ደረቅ! ሁለታችንንም ገደልከን እኮ!" አለችና እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሼዱ ግን በእርግጥ ሊሄድ ነው።

ደግነቱ ዘመኑ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜም ስድስት ናት። በአዋጁ መሠረት በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ስድስተኛዋ ቀን የክርክር ቀን ናት። በዚያች ቀን ብቻ የመዝገቡን ውሳኔ ሰው ይሰማዋል። የዚያች ቀን ጀምበር እስክትጠልቅ ድረስም ሼድ አይታሸግም።

ጳጉሜ ስድስት የከተማው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የዕለቱ ሰሚ ወይዘሮ ማስተዋል ታረቀኝ ናቸው፤ ስድሳ የተጠጉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሴትዮ። ከጠዋት ጀምሮ "የኔ ነው!" ሲሰሙ ውለው ጆሯቸው ዝሏል። አንዱ ምርኩዙ የኔ ነው ይላል፤ ሌላው የምርኩዙ ማረፊያ የኔ ነው ይላል። የሉባባና የሙሄ ተራ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

"እሺ። የማን ነው?" አሉ ወይዘሮ ማስተዋል፣ ቀና ሳይሉ።

"የእሱ ነው።"

"የእሷ ነው።"

ወይዘሮ ማስተዋል ቀና አሉ። "እንደገና።"

"የእሱ ነው እልዎታለሁ እትዬ! ብረቱን ያየ ሰው..."

"ዋሸች! በአላህ ዋሸች! ከረጢቱን የቆረጠችው እሷ፣ ቀዳዳውን የደፈነችው እሷ!"

"አንተ ዝም በል! ወይ ጉድ፣ ሰው እንዲህ ያስዋሻል?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ማስተዋል መነጽራቸውን አውርደው ወለወሉት፤ አፋቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ነበር። ቀጥሎ ያሉት ግን የሚያስቅ አልነበረም። "ልጆቼ፣ ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም። ከሁለት አንዳችሁ ቀርባችሁ 'ብቻዬን ሠራሁት፣ ማንም አላገዘኝም' ብላችሁ ትምላላችሁ፤ ያ ሰው ሼዱን ያስቀራል። ማንም ካልማለ ሳምባው የመንግሥት ይሆናል፤ ሁለቱም ሼድ ይታሸጋል። ምረጡ።"

ሙሄ ወደ ሉባባ ዞሮ በዓይኑ ለመናት። ማዪ፣ ግድ የለም፣ ማዪ እንደማለት። ሉባባ ወደ መሐላው ቦታ ሄደች። ሼዷን ወደደችው፤ በዚያች ቅጽበት ከመቼውም ይልቅ ወደደችው። የጎማውን ሽታ፣ ጠዋት በወንዙ በኩል የሚገባውን ብርሃን፣ ራሷ የመታችውን መደርደሪያ። ያለዚያ ቦታ ማን እንደሆነች አታውቅም። አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሙሄም ፈቅዷል።

"አልምልም" አለች።

"እታለም!"

"አልምልም! ሼዴን እፈልገዋለሁ እትዬ፣ አልዋሽዎትም፤ ለሱ ስል ሦስት ዓመት እንቅልፍ አላየሁም። ግን ይሄ ሰው ፊቴ ቆሞ 'አልነበረም' አልልም። ነበረ! ጋሽ ይርሳውም ነበሩ። የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ ነበረ። ወላሂ እዛው ነበሩ!"

"ታዲያ የሠራው ማን ነው?" አሉ ወይዘሮ ማስተዋል፣ ግራ ተጋብተው።

"ደቦ ነዋ!" ሲሉ ከኋላ ወንበር ጋሽ ይርሳው ጮኹ። "ምን ታደርቁናላችሁ? በደቦ ነው የተሠራው! ደቦ!"

መዝገቡ በአዳራሹ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማ ነበርና ልምዱ ሆኖ ፈለገ። ትንሽ ቆየ። "ደቦ" አለ። "አልተመዘገበም። አዲስ ነው። ባለቤቱ ማን ይባል?"

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ለሁሉም እኩል ነው የገባው። የተመዘገበን ነገር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም አይነካም። ደቦ የአንድ ሰው ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለአጨዳ መውጣት፣ የጎረቤት ጣሪያ መክደን፣ የወንዝ ጠለፋ መቆፈር፣ ሁሉም ያንን ሰው ደጅ መጥናት ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ብድግ አለ። ሥራው ይህ ነው፤ ሰው ሳያስበው ያሳለፈውን እያደነ በስሙ ያስመዘግባል፤ አስመዝጋቢ ይሉታል። አፉን ሲከፍት ሁሉም አየው።

ሉባባ ግን ከድምፅ ማጉያው አንድ እርምጃ ላይ ነበረች። ዓለም በአንድ ቃሏ ላይ ቆመላት። ሉባባ እንድሪስ ብትል ሼዱ የሷ ነው። አንድ ሼድ? አሥራ ሁለቱም ይሰጧታል! መቼም አልመኘችም ማለት ውሸት ነው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሙሄ ይማም!" ብላ ጮኸች።

"ሉባባ እንድሪስ!" ብሎ ሙሄ ከኋላዋ አንባረቀ።

አስመዝጋቢውም የራሱን ስም ጮኾ ተናገረ፤ ያኔ ግን ጋሽ ይርሳው ተነስተው የላይ ሰፈርን ሰው አንድ በአንድ ይጠሩ ጀምረዋል። "አያሌው የቆፈረው! ጦይባ ዶማ ያዋሰችው! እማማ ደብሬ ቆሎ ያመጡት!" የጦይባ ስም ሲጠራ ጦይባ ተነሳችና የጎረቤቷን ስም ጠራች። ጎረቤቷ አማቷን ጠራች። ከዚያማ ማን ያቁመው! አዳራሹ ሙሉ ቆመ። ቤት ሲሠራ ጭቃ ያቦካለትን፣ ወረርሽኝ ሲገባ ውሃ ያቀበለውን፣ ስሙን እንጂ አባቱን የማያውቀውን ሁሉ ሰው እየጠራ ነው። አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች የሞተ ወንድሟን ጠራች። የራሱን ስም የተናገረ ያ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በመቶ ስም መሃል ጠፋ።

"ስም እየተቀበልኩ ነው" ይላል መዝገቡ፣ ድምፁ ሳይለወጥ፤ ሁለት ስም የሚከለክለው ሕግ ስለ ማመልከቻ እንጂ በአዳራሽ በቃል ስለሚጠራ ስም አይናገርምና። "የቀረ አለ?"

የቀረ አለ ሲባል መቼም የቀረ አይጠፋም። ሰልፉ ከአዳራሹ ወጥቶ አደባባዩን ዞረ። የሰማ ሁሉ ከደሴ በስልክ፣ ከባቲ በስልክ ስም ይልካል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መዝገቡ ሰባት ሺህ ስም ተቀብሎ አሁንም "የቀረ አለ?" ይላል። ወይዘሮ ማስተዋል የአዋጁን መጽሐፍ አገላብጠው አንድ አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። በደስታ ብድግ አሉ።

"ጸጥታ! 'ምዝገባው ባልተቋጨ ጉዳይ ውስጥ ስሙ ያለበት ሰው፣ ጉዳዩ እስኪቋጭ ድረስ ሼዱ አይታሸግም።' ጨርሻለሁ። እኔ ራሴ የምጠራው ሰው አለኝ፤ ሰልፉ የት ጋ ነው?"

በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን መዝገቡ ከሦስት መቶ ሺህ ስም አለፈ። በዚያው ቀን ማታ ከጋምቤላ እስከ አክሱም አሥራ ዘጠኝ ወንዞች ላይ ሳምባ እየተተከለ ነው ሲል ሬዲዮው ተናገረ፤ ጉዳዩ ስላልተቋጨ ሳምባው ፈቃድ የሚጠየቅ ባለቤት የለውምና ማንም አልጠየቀም። የአዋጁ ቢሮ ሰዎች ሌሊቱን አልተኙም ይባላል። እንደ ሰማነው ከሆነ የተሰበሰቡት ሊቆጡ ነበር፤ ቁጥሩን ሲያዩ ግን መቆጣቱን ረስተው መቁጠር ጀመሩ።

መስከረም ሁለት ጠዋት ሉባባ ሼዷን ከፍታ የመጀመሪያውን ጎማ ስትፈታ፣ አንዲት አርባ የሚሆናት ሴት ትልቅ የመሣሪያ ቦርሳ ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች። እቴነሽ ትባላለች፤ የአራተኛው ሼድ ተረኛ ናት። አምስት ዓመት ተራ ጠብቃለች። በበሩ ላይ ያለውን አረንጓዴ መብራት አየችና ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አወረደችው።

"አይታሸግም አሉኝ" አለች። "እንኳን ደስ አለዎት እትዬ።" ደስ እንዳላላት ግን ፊቷ ይናገራል። "እኔስ ታዲያ የት ልግባ?"

ሉባባ ደነገጠች። ስድስት ቀን ሙሉ ስትሳሳለት የነበረው ሼድ የሌላ ሰውም ሼድ እንደነበረ አንዴም ትዝ ብሏት አያውቅም። አፈረች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኳን አነሳችና ወደ መዝገቡ ደወለች።

"የቀረ አለ?" አለ መዝገቡ።

"አለ። ጻፍ። እቴነሽ... የአባትሽን ስም ማን ልበል?"

"ኧረ እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም!"

"ገና ነዋ!" አለች ሉባባ፣ የጎማውን ሌላ ጫፍ ወደ እሷ እየገፋች። "ያዢልኝማ በዚያ በኩል።"